የሚያቆም ሰው

የመራመጃ ማሽኑ ቀበቶ ከእግሩ ሥር ይሸሻል። ሌቡሳ ይራመዳል፤ ክፍሉ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። የተላጨ ደረቱ ላይ አሥር ተለጣፊ አለ፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ሽቦ ወጥቶ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ገመድ የበዛበት ፈረስ መሰልኩ ይላል በልቡ፤ ጥርሱን ይነክሳል።

የልብ ምርመራ ባለሙያዋ ሊማካትሶ የልጁ እኩያ ናት። ሳይጀምሩ ሁሉንም ነግራዋለች። በየሦስት ደቂቃው ማሽኑ ይፈጥናል፤ ዳገትም ይሆናል። ደረቱን ከጨመቀው፣ ክንዱን ወይም መንጋጋውን ካመመው፣ ካዞረው፣ መናገር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ይቆማል። ሐኪሙም ከስክሪኑ ፊት ተቀምጦ የልቡን መስመር ይከታተላል።

ሌቡሳ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ አላመናትም። ሃያ ስድስት ዓመት የወርቅ ማዕድን ውስጥ አለት ሲበሳ ኖሯል። ከእረፍት በተመለሰ ቁጥር በጋለ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይፈትኑታል። እዚያም ድምፀ ለስላሳ ሰው ቆሞ፣ ከደከመህ ንገረኝ ይላል። ደከመኝ ብሎ የነገረው ሥራውን አጥቶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ወደ ሌሶቶ ተራራ ይመለሳል።

ወደዚህ ሆስፒታል የላከውም የማዕድኑ ሐኪም ነው።

«ንታቴ፣ እንዴት ነው?» ትለዋለች። በአገሩ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው፤ አባቴ እንደማለት።

«ይኼን ሁሉ ተራምጄ በሩ ጋ እንኳ አልደረስኩም።»

ትስቃለች። እሱ አይስቅም።

ማሽኑ ዳገት ሆነ። ከደረቱ አጥንት ሥር ያ ነገር መጥቶ ተቀመጠ። ያውቀዋል፤ ሦስት ወር አብሮት ውሏል። አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ይተነፍሳል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ የዘፈን ምት በሆዱ ይቆጥራል። የራሱ ትምህርት ነው። ስንቱን አዲስ ገቢ እንዲህ ብሎ አሳልፏል፦ በአፍንጫህ ተንፍስ፣ ዘፈኑን ሆድህ ውስጥ ያዝ፣ ነጭ ጋዎን ስታይ ፈገግ በል።

ጼሊሶንም ያስተማረው እሱ ነው። ጼሊሶ ፈገግ ብሎ አለፈ፤ በሦስተኛው ቀን መሰርሰሪያውን እንደያዘ ተደፋ። ቀብሩ ላይ ወንዶቹ፣ ፈተናውን እኮ አልፎ ነበር እየተባባሉ ኮሩ። ሌቡሳም ብሏል። ደጋግሞ ብሏል።

አሁን ንዴቱ ከእግሩ ይጀምርና እስከ ጆሮው ይወጣል። ማን ላይ እንደሚያወርደው አጥቶ የማሽኑን እጀታ ጨምድዶ ይዟል።

«ንታቴ፣ ፊትዎ ተለወጠ። አመመዎት?»

«አመመኝ ብልሽ ወረቀቱ የት ነው የሚሄደው?»

ሊማካትሶ ሐኪሙን አየች፤ መልሳ እሱን አየች።

«ወደ ማዕድኑ። አልዋሽዎትም። ከእንግዲህ ወደ ታች ላያወርዱዎት ይችላሉ።»

ይሄ ነው ይበልጥ ያበገነው። ብትዋሸው ኖሮ እንዴት እንደሚያሸንፋት ያውቅበት ነበር። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የጀመረው ቤት ግድግዳ፣ ሚስቱ፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ቀበቶ ላይ አብረውት ይራመዳሉ።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«እኔ የጠየቅሁዎት ስለ ደረትዎ ነው።»

አራት እርምጃ ይራመዳል። አምስተኛው ላይ ድምፁ ከሱ ቀድሞ ይወጣል።

«ያመኛል። ሦስት ወር ሆነኝ። ጻፊው። ጼሊሶ የሚባል ሰውንም ያመው ነበር፤ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊው።»

ሐኪሙ ቁልፉን ይጫናል፤ ቀበቶው ይቆማል። ሁለቱ በብብቱ ደግፈው አልጋ ላይ ያስተኙታል። ሽቦዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ መስመሩ አሁንም ይሮጣል። ሊማካትሶ ጎንበስ ብላ የቱ ጋ እንደሆነ ትጠይቀዋለች።

ሌቡሳ የጨበጠውን እጁን ይፈታል፤ አለት ላይ የሚበሳውን ቦታ እንደሚመርጥ ሰው በአንድ ጣቱ ደረቱን ቀስ ብሎ ይዳብሳል። ሲያገኘው ይጫነዋል። ሁለቱም እስኪያዩት ድረስ ጣቱን አያነሳም።