የኦቦ ሚልኬሳ ገብስና የሩጫ ቆጣሪው

ጎጆ በምትባለው ከተማ ኳስ የመታ ልጅ ኳሱን ፍለጋ ገደል ይወርዳል። ከተማዋ ተረተር ላይ ናት። ለጥ ያለ መሬት ቢፈለግ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኦቦ ሚልኬሳ የገብስ ማሳ።

ስለዚህ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ አጥር ጥሰው ይገባሉ። ኦቦ ሚልኬሳ ዱላ ይዘው ይወጣሉ። ልጆቹ ይሮጣሉ፤ ሽማግሌው ይከተላሉ፤ መሃል ላይ ገብሱ ይረገጣል። ዓመት በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። አምና የተገኘው እህል ለዘር እንኳ አልበቃም። ማሳው ካልዳነ ቤታቸው እንደማይድን እሳቸውም ባለቤታቸው አዴ ጂቱም ያውቁታል።

በጥቅምት ከአምቦ አጥኚዎች መጡ። መሪያቸው ሲንቄ የምትባል ቀልጠፍ ያለች ልጅ ናት። ተማሪዎቹን ሰብስባ የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ በቀበቶ ወገባቸው ላይ አሰረችላቸው። ወላጆችም ተጠርተው ነበር።

«የምናጠናው አካባቢ በወጣቱ እንቅስቃሴ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ነው» አለች።

ማንም አልገባውም፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

«ዕቃዋ ልጁ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ትቆጥራለች። ሁለቱን ከተሞች፣ ጎጆንና ሸነንን፣ እናወዳድራለን። ልጆቹ ይበልጥ ለሚንቀሳቀሱበት ከተማ የስፖርት ሜዳ ይሠራለታል።»

«ሜዳው ለሚሮጠው ነው?» አሉ አንዲት እናት። «እኔ ለሰነፉ መስሎኝ።»

«ለሚሮጠው ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው ድርጅት ሜዳው ባዶውን ሲውል ማየት አይፈልግም።»

ኦቦ ሚልኬሳ ብዙ አይናገሩም። ያን ቀን ግን ልባቸው ዘለለ። ሜዳ ከተሠራ ልጆቹ ከገብሱ ይወጣሉ። ቦታውንም ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ድንጋያማ ዳገት ነው፤ ዶዘር ገብቶ ይደለድለዋል። እጃቸውን አወጡ።

«ሸነኖች ያጭበረብራሉ» አሉ። «ዕቃውን በቅሎ ላይ አስረው ሲያስጋልቡ ይውላሉ።»

ሰዉ ሳቀ። ሲንቄም ሳቀች። «አይጨነቁ ኦቦ፤ ዕቃዋ የት እንደዋለችም ትናገራለች። ግጦሽ ላይ ከዋለች እናውቃለን።»

«ደግ! ትናገርባቸው» አሉና ተቀመጡ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። የልጅ ልጃቸው ገመቺስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ስልኩን ሲነካካ አገኙት።

«ቀበቶህ የት አለ?»

«ጠቦቱ ላይ ነው አካኮ። ከእኔ ይልቅ እሱ ይሮጣል።»

«አያትህን እንደ ሸነኖች አጭበርባሪ አደረግኸው! ለጠቦት ሜዳ አይሠራም፤ ተነስ!»

ዱላው ከፍ ሲል ገመቺስ በመስኮት ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ሥራ አገኙ። ከፑል ቤት ልጅ ያስወጣሉ። ፀሐይ ለመሞቅ ግድግዳ የተደገፈውን ያባርራሉ። ቀበቶ ያሰረ ልጅ ቁጭ ብሎ ካዩ ድንጋይ ያነሳሉ። «ኦቦ ሚልኬሳን ምን ነካቸው?» ተባለ። ይሁን እንጂ የጎጆ ዳገት ሰውን ቶሎ ያደክማል፤ ውርጩም ያስቀምጣል። ሸነን እየበለጠ ነው የሚል ወሬ መጣ።

ሽማግሌው አንድ ቀን ሙሉ ማሳቸውን ሲዞሩ ዋሉ። ቀጥሎ ለባለቤታቸው ነገሯቸው።

«አጥሩን ልከፍተው ነው።»

«የምን አጥር?»

«የገብሱን።»

አዴ ጂቱ እጃቸው ላይ የነበረውን ቅርጫት አስቀመጡ። «ሊታጨድ ምን ቀረው? አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?»

«ዘንድሮን እንራብ። ከዚያ ወዲያ ግን ገብሱ የእኛ ነው።»

«እስከዚያ ምን ልንበላ?»

«በሬው ይሸጣል።»

አዴ ጂቱ «ዋቀዮ!» ብለው ሰማይ ሰማዩን አዩ።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ኦቦ ሚልኬሳ መግቢያው ላይ ቆመዋል። መዝጊያው ወለል ብሏል።

«ግቡ!»

ማንም አልገባም። ኳስ ያቀፈችው ሃዊ፣ ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ያባረሯት ልጅ፣ ዱላውን አየች።

«አባባ፣ ወጥመድ ነው እንዴ?»

«ግቡ ብያለሁ!»

«መጀመሪያ ዱላውን ያስቀምጡት።»

አስቀመጡት። ልጆቹ ጎርፍ ሆነው ገቡ። የገብሱ ዛላ ከጭቃ ጋር ተለወሰ። ኦቦ ሚልኬሳ ዳር ቆመው ጥርሳቸውን ነክሰው «አንተ ባለ ቀበቶ፣ ሩጥ እንጂ! ለቅሶ መጥተሃል?» ይላሉ። ገመቺስ ሊያርፍ ሲል ራሳቸው ገብተው ዙሪያውን አሯሯጡት። ሲንቄ ቀበቶዎቹን ሰብስባ ወደ አምቦ እስክትወርድ ድረስ ማሳው ላይ አንድ የቆመ አገዳ አልቀረም።

በሬው ተሸጠ። ጎረቤት ከንፈሩን መጠጠ።

ጥር ላይ ሲንቄ ተመለሰች። ሕዝቡ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ።

«ጎጆ ሸነንን በሰፊው በልጣለች» አለች። «ሜዳው የጎጆ ነው!»

እልልታው ቀለጠ። ልጆቹ ኦቦ ሚልኬሳን ትከሻቸው ላይ አወጧቸው። ሃዊ ጉንጫቸውን ሳመች። አዴ ጂቱ እንኳ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ። ሽማግሌው አለቀሱ፤ እያለቀሱም የሚበደሩትን የዘር ገብስ ያስቡ ነበር።

ዶዘሩ የመጣ ቀን ከተማው ሥራ ፈታ። ሁሉም ድንጋያማው ዳገት ሥር ቆሞ ጠበቀ፤ ኦቦ ሚልኬሳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ነበሩ። ዶዘሩ እያጓራ መጣ፤ ዳገቱን አልፎ ቁልቁል ታጠፈ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከትለውት ሮጡ፤ የገብስ ማሳቸው መግቢያ ላይ ሲቆም ደረሱበት።

ሲንቄ ከሾፌሩ ጎን አንገቷን አውጥታ ፈገግ አለችላቸው፦ «ኦቦ፣ አጥርዎን ያንሱልን፤ ዕቃዋ ተናግራለች፤ ልጆቹ የሮጡት እዚህ ነው።»