ዝዮቹ በተኙበት

አንድ ፎቶ አንሺ ከጁናም ሐይቅ ዳር ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ እማማ ኦክቡን አዩት። የዱር ዝዮቹ በረዶው ላይ አንገታቸውን ክንፋቸው ስር ቀብረው ተኝተዋል። በዚያ ብርድ ደንግጠው ከተነሱ ያጠራቀሟት ሙቀት ሁሉ ከንቱ እንደምትቀር ካሜራውን ደግኖ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ያውቃል። ግን የተኛ ዝይ ፎቶ ማን ይወድለታል? ሁሉም ድንጋዩን እንዳላየ ሆነ።

እማማ ኦክቡን በርጩማቸውን አንጠልጥለው ሄዱና ልክ ከሰውዬው ካሜራ ፊት ተደላድለው ተቀመጡ። ከኪሳቸው ትኩስ ስኳር ድንች አውጥተው ይልጡ ጀመር።

"እማማ፣ ጋረዱኝ እኮ! ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።"

"ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፣ ልጄ። ከቻልክ አንተው አንሳኝ።"

አሮጊት ጎትቶ የሚያነሳ ከዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ጠፋ። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰውዬው ፊቱ ደም መስሎ ድንጋዩን ከፍ አደረገ።

"ዛሬ ዝዮቹ ሳይበሩ ንቅንቅ አልልም!"

እማማ ኦክቡን የጎረሱትን ሳይቸኩሉ ዋጡና ዞር ብለው አዩት።

"በል እንግዲያው መጀመሪያ በድንጋዩ እኔን ምታኝ። ከበረርኩልህ ፎቶዬን ታነሳለህ።"