ሮዝ ጋዋን

«ስንት ቁጥር ልስጥህ?» አሉኝ ባለሱቋ ሓጃ ዘሊኻ፣ ሁለት ሮዝ ጋዋን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው።

ይሄ ጥያቄ ይመጣል ብዬ ጨርሶ አላሰብኩም። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ገና ሳምንቱ ነው። የኦራን ከተማ ሰው ጃንጥላውንና ሐብሐቡን ታቅፎ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ደብተሩ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ ሴቶቹም ነገ ትምህርት የሚጀመር ይመስል ለቦርሳ ይጋፋሉ። ያለሁበት ወር ራሱ ጠፋኝ።

ያዘዘችኝ ሚስቴ ሁሪያ ናት። «እንደደረስክ የዊሳምን የትምህርት ቤት ጋዋን ግዛ፤ ኋላ የሚተርፈው ለማንም የማይሆነው ነው» አለችኝ በስልክ። እሷና ልጃችን ባሕሩ አጠገብ፣ እናቷ ቤት ናቸው። እኔ ዛሬ ጠዋት ከበረሃው የነዳጅ ሥራ መምጣቴ ነው፤ ከሰዓት እነሱ ጋ እሄዳለሁ። ባለፈው ስመጣ ዊሳም ከእናቷ ጀርባ ተደብቃ ነው ሰላም ያለችኝ። ዛሬ ልክ የሚሆናትን ነገር ይዤላት መግባት እፈልጋለሁ፤ አባቷ እንደሚያውቃት እንድታይ።

«ቁጥሩን እንጃ። ቁመቷ እስከዚህ ነው» ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። በዛብኝ፣ ወደ ሆዴ አወረድኩት። አነሰብኝ፣ መልሼ ከፍ አደረግሁት።

«አሳንሰሩ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚቆመው?» አሉ ሓጃ ዘሊኻ። «የራስህ ልጅ ናት ወይስ የጎረቤት?»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ፊቴ ጋለ።

ቦርሳ የምትመርጥ አንዲት ሴት አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ልጇን በትከሻዋ ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት። «በልጄ በሪታጅ ለካው፣ ግድ የለም፤ አትናከስም።»

ሓጃ ዘሊኻ አንዱን ጋዋን አለበሷት። እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው። «በል፣ ያንተዋ ከዚች ትበልጣለች ታንሳለች?»

ዙሪልኝ አልኳት፤ ዞረች። ከኋላዋ ሳያት ዊሳም ናት። ፊቷን ስትመልስልኝ አይደለችም። አንዴ ይህች ትረዝማለች እላለሁ፣ አንዴ ያቺ። የልጄን ቁመት ከአእምሮዬ ፈልጌ አጣሁት።

ሁሪያን መጠየቅ ሞት መሰለኝ፤ ግን ምን ላድርግ፣ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ዊሳም ናት።

«ዊሳምዬ፣ ባባ ነኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ከእኔ ጋ ስትለኪ እስከምኔ ትደርሻለሽ?»

አሰበችበት።

«ቆመህ ነው ተቀምጠህ?»

«ቆሜ።»

«እሱን አላውቅም። ቤት ስትሆን ሶፋ ላይ ነሃ።» ከዚያ ድምፅዋ ደመቅ አለ። «ተቀምጠህ ከሆነ ግን እበልጥሃለሁ!»

ሓጃ ዘሊኻ ምን አለችህ በሚል ዓይን አዩኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳልነቅል አንድ የደብተር ካርቶን በእግሬ ሳብኩና ሱቁ መሀል ተቀመጥኩበት።

«ሪታጅ፣ ነይ እስቲ።»

ልጅቱ እናቷን አየት አድርጋ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች። ዓይኖቿ ከዓይኖቼ ትክክል ሆኑ።

«በምን ያህል ትበልጪኛለሽ?» አልኩ በስልኩ።

«በብዙ!» አለችኝ ልጄ።