ያልጎደለው ኮዳ

ወርቅነህ የልጁን የራኬብን ኮዳ ሊያጥብ ሲከፍተው፣ ጠዋት የሞላላት ውሃ ጠብታ እንኳ አልጎደለም። ሰሞኑን ሁሌ እንዲሁ ነው።

ራኬብ ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ጥላ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጣ ነበር። ከዚያ ወጥታ ቧንቧው አጠገብ እንደቆመች ሦስት ብርጭቆ ውሃ በላይ በላዩ ጠጣች።

«ቀኑን ሙሉ ሳትጠጪ ነው እንዴ የምትውይው?» አላት።

«ከጠጣሁ መጸዳጃ ቤት መሄዴ አይቀርማ፣ አባዬ። የሴቶቹ በር ማንነቴን ሊለይ መዳፌን በማሽኑ ሲያነብ በልደት መዝገብ ላይ ያለውን የወንድ ስሜን ግቢው እስኪሰማ ይጠራል። ወንዶቹ ጋ ስገባ ደግሞ ምን እንዳደረጉኝ አይተሃል።»

አይቷል። የበለዘ ጀርባዋን በሞቀ ውሃ ያሸላት እሱ ነው።

አምና እንደ ራኬብ ያሉ ተማሪዎችን የሚጠብቀው የትምህርት ቤቱ ሕግ ይነሳ ተብሎ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ፣ ለእሷ «ሥራ ይዞኝ ቀረሁ» ብሏት ነበር።

«አምና ስብሰባው ላይ ብትሄድ ኖሮ ትቃወም ነበር፣ አይደል?» አለችው።

ወርቅነህ ኮዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሄጄ ነበር፣ ልጄ። ጎረቤቱ ሁሉ ሕጉ ይነሳ ብሎ እጁን ሲያወጣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እኔም አወጣሁ።»

ራኬብ የቀዳችውን አራተኛ ብርጭቆ ሳትጨርስ አስቀመጠችው።

«ቅዳሜ ሕጉ ይመለስ አይመለስ ተብሎ ድምፅ ይሰጣል» አላት ቀስ ብሎ። «ብቻዬን ብቀርም እጄን አወጣለሁ። ልጄ ናት እላቸዋለሁ።»

ራኬብ ኮዳውን አንስታ ውሃውን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

«እስከ ቅዳሜ አትሙላው፣ አባዬ» አለችው። «ተሸክሜው ስውል ይከብደኛል።»