የጆንያ ትራስ

በ1972 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር በሰው ፊት «አንተ መሀይም» ብሎት ነበር፤ አልረሳውም። የዛሬው ግን ስድብ ይባል አይባል እንኳ አላወቀም። ብስክሌቱን እየገፋ ከጉለሌ በላይ ያለውን የኮረኮንች ዳገት ሲወጣ፣ የገዛ ልጁ ከአንድ ወጣት መኮንን ጋር ላዳ አቁመው ቀጋ ይለቅሙ ነበር።

ድሮ እሑድ እሑድ ከኋላው አስቀምጧት በዚሁ መንገድ ሲያልፉ፣ «አባዬ ቆቅ! አባዬ ቀጋ!» እያለች ጀርባውን ትደበድበው ነበር። እንዳይጎረብጣት ያሰረላት የጆንያ ትራስ አሁንም እዚያው ነበር።

«ታውቂያቸዋለሽ?» አላት መኮንኑ።

ትራሱን አየችው። «የሰፈራችን ሰው ናቸው» አለች።

መኮንኑ አዘነለት። «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ የሚጦርዎት ልጅ የለዎትም እንዴ?»

ትራሱን በመዳፉ ሸፈነና ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።