ባለ ዘጠኝ ዋቷ

ሸማኔው ጋሽ አንጁሎ አዲሷን አምፖል መዳፋቸው ላይ አድርገው መዘኗት። «ዘጠኝ ዋት? እኔ በመቶ ዋትም ዓይኔ እየፈዘዘ ነው።»

«አባዬ፣ ዋት ማለት የሚውጠው ነው» አለች ልጃቸው ምሥራቅ በርጩማ ላይ ቆማ አሮጌውን አምፖል እየፈታች። «ያንተው መቶ ውጦ ሙቀት ይተፋል። ይቺ ዘጠኝ ብቻ ውጣ ብርሃን ትሰጥሃለች።»

ማብሪያውን ስትጫነው ጠባቧ ክፍል ወገግ አለች። ጋሽ አንጁሎ ደስ ብሏቸው፣ አሁን የሙሽራዋ እናት መጥተው የሚረከቡትን የሠርግ ቀሚስ ዘረጉት። ጣታቸው ጥለቱን ተከትሎ ወረደና ወገቡ ላይ ቀጥ አለ። እስከዚያ ድረስ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የነበረው ጥለት ከዚያ በታች ጥቁር ነበር። በመቶ ዋቱ ቢጫ ብርሃን ክሩ ተምታቶባቸው፣ ቀሚሱን ከወገብ በላይ ለሠርግ፣ ከወገብ በታች ለለቅሶ ሠርተውታል።

በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች፣ የሙሽራዋ እናት ነኝ።»

«መቶ ዋቱን መልሰሽ ግጠሚው» አሉ ጋሽ አንጁሎ በሹክሹክታ።

እናትየዋ ቀሚሱን በቢጫው ብርሃን አገላብጠው አዩና «እጅዎ ይባረክ» አሉ። ጋሽ አንጁሎ የጋለውን አምፖል በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ፈቱና ከቀሚሱ ጋር ጠቀለሉላቸው።

«የኔ ስጦታ ነው። ሠርጉ ቤት ይኸን ብቻ ያብሩ» አሉ። «ሙሽራዋንም ፀሐይ እንዳያገኛት፣ አደራ።»