በወፍጮ ቤቱ ጣራ ያለፈው ገመድ

አያሌው ሮቤ ላይ ኢንተርኔት ቤት ሲከፍት ሁንዴ ተቀጣሪው ነበር። ኮምፒውተሮቹን የደረደረ፣ ገመዱን የዘረጋ፣ ኢንተርኔቱን ከውጭ የሚያመጣውን ራውተርና ለኮምፒውተሮቹ የሚያከፋፍለውን ስዊች በእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ያገናኘ እሱ ነው። አያሌው የቤቱ ጌታ እንጂ የሣጥኑን ሆድ ዕቃ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከአራት ዓመት በኋላ ሁንዴ ተሰናብቶ የራሱን ቤት ከፈተ። የከፈተውም ሩቅ አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው የኦቦ ቱፋ ወፍጮ ቤት ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያሌው የበላው አልስማማው አለ። ጠዋት የገዛ በሩን ሳይከፍት የሁንዴን በር ያያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከባጃጅ ወርደው፣ የእሱን ደጃፍ አልፈው ወደዚያ ሲገቡ ቆሽቱ ያርራል።

«በእኔ ቤት ሰው ሆኖ በእኔው ላይ!» ይላል።

«ገበያ የእግዜር ነው» ትለዋለች ሚስቱ ሰንበቴ። «ደግሞ ሁንዴ ሰው ነው።»

ይሄ «ሰው ነው» የምትለው ነገር ከሁሉ በላይ ያንገበግበው ነበር።

በክረምቱ ወንድሙ ሞተበትና አገሩ ወርዶ ሁለት ሳምንት ለቅሶ ተቀመጠ። እሱ በሌለበት ሮቤ ላይ ከባድ መብረቅ ወርዶ የሰፈሩን መብራት አጥፍቶ ነበር አሉ። ሲመለስ ግን ቤቱ ክፍት ነው፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል።

«አንዳንድ ነገር ተበላሽቶ ነበር፣ አሠርቼዋለሁ» አለችው ሰንበቴ። «ሣጥኑን ግን ማንም እንዳይነካካው ተብሏል።»

የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከዚያ በኋላ ከመቀነቷ አልፈታችውም።

ኔትዎርኩም ከዚያ ወዲህ ጠባይ አወጣ። የሁንዴ ቤት በሰው ሲሞላ የአያሌው ኮምፒውተሮች ይንቀራፈፋሉ። የሁንዴ ቤት ጭር ሲል እንደ ፈረስ ይጋልባሉ። አንድ ቀን ሁንዴ ለሰርግ ጎባ ሄዶ ዘግቶ ዋለ። በመስኮቱ የመሣሪያዎቹ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ይታያል እንጂ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ያን ቀን የአያሌው ኢንተርኔት በረረ። አያሌውም ልብ አለ።

በዚያው ሰሞን ሰንበቴ ከሃረና የመጣ ማር በጣሳ ሞልታ፣ በሻሽ ሸፍና ስትወጣ በር ላይ አገኛት።

«ለማን ነው?»

«ለሁንዴ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጉርብትና» አለችና ዓይኑን ሳታይ አልፋው ሄደች።

ያን ሌሊት በአያሌው ዓይን እንቅልፍ አልዞረም።

በሳምንቱ ሰንበቴ አራስ ልትጠይቅ ወደ ጎባ ወጣች። ረፋዱ ላይ ካፊያ ጀመረ። አያሌው የሚያፈስ ቆርቆሮ ሊመታ መሰላል አቁሞ ጣራ ላይ ወጣ። እዚያ ነው ገመዱን ያየው። ሰማያዊ፣ አዲስ የኔትዎርክ ገመድ ነው። ከቁም ሣጥኑ በላይ ካለው የግድግዳ ቀዳዳ ይወጣና ክፈፉን ተከትሎ፣ በወፍጮ ቤቱ ጣራ አልፎ ሁንዴ ቤት ይገባል።

ወርዶ የሣጥኑን በር በመዶሻ ገነጠለው። የገመዱ ጫፍ ስዊቹ ላይ ተሰክቷል። ስዊቹ አረንጓዴ ዓይኖቹን ያርገበግባል። አጠገቡ ያለው ራውተር ግን ድምፁም ብርሃኑም የለም።

«ደሙን መጦ ጨረሰው!» አለ አያሌው።

ወደ ደጅ ሮጠ።

«ኦቦ ቱፋ! ይምጡ ይዩልኝ! የእኔን እየሰረቀ ነው የሚከብረው!»

ወፍጮው ቆመ። ኦቦ ቱፋ ዱቄት እንደለበሱ ወጡ። እህል አስፈጪዎቹ ተከተሉ፤ ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን አቆሙ። ሁንዴም መጣ፤ ገመዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ገመድ ከእኔ ቤት ማን ቤት ነው የሚገባው?»

«እኔ ቤት ነው» አለ ሁንዴ ቀስ ብሎ።

«ሰማችሁ!»

«ጋሼ፣ ወደ ውስጥ እንግባና ለብቻችን እናውራ።»

«በስውር የሠራኸውን በአደባባይ ተናገር!»

«እትዬ ሰንበቴ እስኪመጡ እንኳ ይታገሡኝ።»

የአያሌው ዓይን ደም ለበሰ። «የሚስቴን ስም ዳግመኛ ብትጠራ!»

ኦቦ ቱፋ በመካከል ገቡ። «ሁንዴ፣ ልጄ፣ ሰርቀሃል?»

«ወላሂ አልሰረቅኩም፣ ኦቦ።»

«ታዲያ ገመዱ ምንድን ነው?»

ሁንዴ አቀረቀረ። «እሱን እኔ አልናገርም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «እንዲህም ጎረቤት የለ!» አለ አንድ ባለጋሪ፣ መሬት ላይ እንትፍ ብሎ። ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁና ከሁንዴ አጠገብ ዘወር አሉ። ሁንዴ ይሄን አየ፤ ከንፈሩን ነከሰ።

አያሌው ፒንሳውን ይዞ መሰላሉን ወጣ።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ አይቁረጡት!»

ቀጭ አደረገው። ገመዱ እንደ ሞተ እባብ በቆርቆሮው ላይ ተዝለፈለፈ። አያሌው መሰላሉ ላይ እንደቆመ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ረክቶ፣ ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ሲወጡ ለማየት የሁንዴን በር ትኩር ብሎ ተመለከተ።

በመጀመሪያ ብቅ ያለችው ዙሀይራ የምትባል ተማሪ ናት። የወጣችው ግን ከአያሌው ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ፎርም እየሞላሁ ኔትዎርኩ ጠፋ እኮ!»

ከኋላዋ ሁለት ልጆች ወጡ። ቀጥሎ የቀሩት ሁሉ ወጡ።

ከሁንዴ ቤት አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም።